በየመስከረሙ አዲስ የሚባለው ጨዋታ

አንድ ሥራ ስሙን ሳይለውጥ ሠላሳ ዓመት ሲኖር ይበስላልን፣ ወይስ ይሻግታል? ጥያቄው በሊቃውንት ጉባኤ የሚነሣ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በየዓመቱ በመስከረም ወር ከልጆች አፍ እንሰማዋለን። ደብተርና የደንብ ልብስ በሚገዛበት በዚያው ወር የቪዲዮ ጨዋታ ሠሪዎች የዓመቱን የእግር ኳስ ጨዋታ ለገበያ ያወጣሉ። ልጅ «አባዬ፣ የዘንድሮው ወጣ» ይላል፤ አባትም «ያምናውን ምን ነካው?» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ከዚህ አያልፍም፤ ልጁ ያየውን ልዩነት በቃል መግለጽ ያቅተዋል፤ አባቱም ባላየው ነገር መፍረድ አይሆንለትም።

እኛ ከዚህ ጨዋታ ጋር ከሃያ ዓመት በላይ በጉርብትና የኖርን ስለ ሆነ፣ ያየነውን ለተከበሩ አንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን። ጨዋታ ለልጅ ይጠቅማል ወይስ ይጐዳል የሚለው ሙግት በሌሎች እጅ ብዙ ተጽፎበታል። እኛ ዛሬ የምንመለከተው ጨዋታውን ራሱን ነው፤ ይኸውም ሸማኔ ጥበቡን፣ አናጢ ወንበሩን እንደሚመረምር ሁሉ፣ አንድ ተከታታይ ሥራ መቼ እንደሚያምርና መቼ እንደሚከፋ፣ ምክንያቱም ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከጨዋታው ጋር የተዋወቅነው በአዲስ አበባ፣ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት አጠገብ በነበረች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ከ2000 በኋላ በነበሩት ዓመታት ፕሌይስቴሽን ቤት የሚባለው ንግድ በየሰፈሩ ይከፈት ነበርና፣ ከሰዓት በኋላ ከክፍል የጠፉ ተማሪዎቻችንን ፈልገን ስንገባ፣ አራት ቴሌቪዥን፣ ከያንዳንዱ ሥር አንድ ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን፣ በፊታቸውም አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ አገኘን። ሕጉ ቀላል ነበር፤ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። ተማሪዎቹን ወደ ክፍላቸው ሰደድናቸው። የቤቱ ባለቤት ግን፣ ዕድሜው ከእኛ ብዙ የማይርቅ ጨዋ ሰው፣ «መምህር፣ ቆመው አይሂዱ፤ ቡና ተፈልቷል» ቢለን ተቀመጥን። ከዚያም ቀን ጀምሮ በዚያች ቤት ብዙ ቡና ጠጥተናል።

ባለቤቱ ከሁለት ድርጅቶች የመጡ ሁለት ዓይነት የእግር ኳስ ሲዲዎች ነበሩት። አንደኛው ፊፋ የሚባለው ነው፤ ሁለተኛው ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር፣ ልጆቹ አሳጥረው ፔስ የሚሉት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ብንጠይቀው፣ «በፊፋው ላይ ስሙም ማልያውም ትክክል ነው፤ ቆሞ የሚያየው ሰው ይበዛል። በፔሱ ላይ ግን የተሸነፈው ልጅ ከጓደኛው ተበድሮ ተመልሶ ይቀመጣል» አለን። ከዚያ ወዲህ ስለ ጨዋታ የተጻፈ ሒስ ብዙ አንብበናል፤ ጥራትን በዚህ ያህል አጭር ቃል የመዘነ ግን አላጋጠመንም።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ 1993 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት መጨረሻ ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን የሆነውን የፊፋን ስም ተከራይቶ፣ በካናዳ ባለው የሥራ ክፍሉ ያዘጋጀውን የመጀመሪያውን ጨዋታ ለሴጋ መሣሪያ አወጣ። ሜዳውን ከማዕዘን አግድም የሚያሳይ ነበር፤ የነበሩት የአገር ቡድኖች ብቻ ናቸው፤ የተጫዋቾቹም ስም ፈጠራ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ክለቦች ገቡ፤ በ1995 የወጣው የእውነተኞቹን ተጫዋቾች ስም ይዞ መጣ፤ በ1997 የወጣው ደግሞ በፈረንሳይ ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ የሚያበቃውን ማጣሪያ ሁሉ አቀረበ። እነዚያ የልጅነት ዓመታቱ ናቸው። ሕፃን በአንድ ክረምት ልብሱ እንደሚያጥረው ሁሉ፣ ያምናው ጨዋታ ከዘንድሮው አጠገብ ሲቀመጥ ማጠሩ በዐይን ይታይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን እድገቱ ከአካል ወደ ልብስ ዞረ። ፊፋ በየዓመቱ አዲስ ማልያ፣ አዲስ ስታዲየም፣ አዲስ ዘፈን ይዞ ይመጣል፤ ኳሱ ግን ከተጫዋቹ እግር ጋር በክር የታሰረ ይመስል ነበር። በጠቀስናት ቤት ውስጥ ከክንፍ የተሻማች ኳስ በአንድ ዓይነት ዝላይ፣ በአንድ ዓይነት ጭንቅላት ተመትታ ስትገባ ደጋግመን አይተናል፤ ያንን መንገድ አንዴ ያወቀ ልጅ ሌላ መንገድ የሚፈልግበት ምክንያት አልነበረውም።

በአንጻሩ ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በቶኪዮ የሚያዘጋጀው ጨዋታ፣ በአገሩ ዊኒንግ ኢለቨን፣ በአውሮፓ ከ2001 ጀምሮ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር እየተባለ የሚሸጠው፣ ልብሱ የተቀዳደደ ነበር። የክለቦችን ስም ለመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው፣ በ2006 በወጣው ስድስተኛው ላይ እንኳ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ»፣ ቼልሲም «ለንደን ኤፍ ሲ» ይባሉ ነበር። ልጆቹ የእንግሊዝን ሊግ ከትምህርታቸው ይልቅ ጠንቅቀው የሚያውቁ ናቸውና፣ ስሙን በየአፋቸው እያረሙ ይጫወቱ ነበር። ኳሱ ግን ኳስ ነበር፤ ክብደት አለው፣ ይነጥራል፣ ከእግር ያመልጣል። አንዱ ተጫዋች ከሌላው ይለያል፤ የኢንተር ሚላኑ አድሪያኖ በግራ እግሩ ከሩቅ ሲመታ ቤቱ በሙሉ ከወንበሩ ይነሣ ነበር። ግብ የሚገባበት መንገድ ስለማይታወቅ ሽንፈቱ ያንገበግባል፤ ተበድሮ መመለሱም ከዚያ የመጣ ነው።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ማስተር ሊግ የሚባል ክፍል ነበር፤ ስለ እርሱ ጥቂት ዘርዘር አድርገን ብንናገር አንባቢ ይታገሠናል ብለን እናምናለን። ተጫዋቹ ቡድኑን የሚጀምረው በዓለም ላይ በሌሉ፣ ኮናሚ ፈጥሮ ስም ባወጣላቸው ደካማ ሰዎች ነው። ግብ ጠባቂው ኢቫሮቭ ይባላል፤ በመሐል ሜዳ ሚናንዳና ሺሜሌስ ይሰለፋሉ፤ አጥቂው ካስቶሎ ነው። ሩጫቸው ዘገምተኛ፣ ምታቸውም የላላ ነው። በነዚህ ሰዎች እየተሸነፉ፣ አንዳንዴም እየታደሉ፣ ነጥብ በማጠራቀም አንድ ሻል ያለ ተጫዋች ይገዛል፤ ከዚያም ሌላ። ምሽት ሲሆንና ቤቱ ጭር ሲል ባለቤቱ ጆይስቲኩን ሰጥቶን እኛም ሦስት የጨዋታ ዘመን ያህል በዚህ ሊግ ተጫውተናል።

የሚያስገርመው ነገር፣ ታላላቆቹን ተጫዋቾች ገዝተን ከጨረስን በኋላ እንኳ ካስቶሎን ልንሸጠው አለመቻላችን ነው። በሁለተኛው ምድብ፣ በዘጠናኛው ደቂቃ ያገባትን ግብ እናስታውሳለንና። ያ ሰው በሥጋ ያልተፈጠረ መሆኑን እያወቅን ነው ይህን የምንናገረው። የቤቱም ልጆች እንደዚሁ ነበሩ፤ እያንዳንዱ ስለ ሚናንዳ የራሱ ታሪክ አለው። ሠሪዎቹ የእውነተኛ ስም እጦታቸውን ወደ ሀብት ለውጠውት ነበር።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ በኋላ ፊፋ እንዴት አሸነፈ? በ2005ና በ2006 አዲሶቹ መሣሪያዎች፣ ሦስተኛው ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ 360፣ ሲመጡ ሁለቱም ድርጅቶች ጨዋታቸውን ለአዲሱ መሣሪያ ማዘጋጀት ግድ ሆነባቸው። ኮናሚ የአሮጌውን ቤት ዕቃ ወደ አዲሱ ቤት ተሸክሞ እንደሚገባ ሰው ሆነ፤ በ2007 ያወጣው ጨዋታ በሦስተኛው ፕሌይስቴሽን ላይ ምስሉ ይንገጫገጭ ነበር። የፊፋ ሠሪዎች ግን ለብዙ ዓመት በተጫዋቾች ዘንድ ከፔስ በታች ሲቈጠሩ ስለ ነበር፣ ከመሠረቱ ጀምረው ቆፈሩ። በ2009 የወጣው ፊፋ 10 ተጫዋቹ ኳስ እየገፋ በየትኛውም አቅጣጫ እንዲዞር አደረገ፤ ከዚያ በፊት በስምንት አቅጣጫ ብቻ ነበር። በ2011 የወጣው ፊፋ 12 ደግሞ መከላከልን ለወጠ፤ አንዱን ቁልፍ ጫን አድርጎ በመያዝ ኳስ መንጠቅ ቀርቶ፣ ቦታ መያዝና ጊዜ መጠበቅ መጣ። አካል ከአካል ሲጋጭም እንደ እውነቱ መውደቅ ጀመረ።

የቤቱ ባለቤት በዚያ ዘመን የዕቁቡ ዕጣ ደርሶት ሁለት ሦስተኛው ፕሌይስቴሽን ገዛ። ገንዘቡ ለቤት ክዳን የታሰበ ነበርና ባለቤቱ የሆነችው እመቤት ብዙ ቀን አኵርፋው እንደ ነበር እናውቃለን። እርሱ ግን አልተሳሳተም፤ በዓመቱ ውስጥ ተበድሮ የሚቀመጠው ልጅ ከፔሱ ወደ ፊፋው ዞረ።

እንግዲህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። የአንድ ተከታታይ ሥራ ጥራት ዕድሜውን ተከትሎ አይወጣም፣ ዕድሜውንም ተከትሎ አይወርድም። የሚወጣው አጠገቡ የሚያስፈራው ሌላ ሲኖር ነው፤ የሚወርደውም ያ ሌላው ሲጠፋና ሠሪው የሚከፈልበት ነገር ከጨዋታው ውጭ ሲሆን ነው። በአሜሪካኖቹ እግር ኳስ ላይ የሆነው ይህንኑ ያሳያል። በ2004 ሴጋ በዚያ ስፖርት ያወጣውን ጨዋታ ወደ ሃያ ዶላር ዝቅ አድርጎ ቢሸጠው፣ ኤሌክትሮኒክ አርትስም የራሱን፣ ማደን የተባለውን፣ ወደ ሠላሳ ዶላር አወረደ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ግን ከሊጉ ጋር ስሙን ለብቻው የሚጠቀምበትን ውል ፈረመ፤ ተወዳዳሪውም ከገበያ ወጣ። ዋጋውም ተመልሶ ወጣ። ይህን ያህል ግልጽ ምሳሌ ከፊደል ሰሌዳ ላይም አይገኝም።

በእኛው የኳስ ጨዋታ ላይ ውድቀቱ ዘግየት ብሎ መጣ። ፔስ በ2013 መሠረቱን ለውጦ ሲመጣ በዝናብ የሚደረግ ጨዋታ እንኳ አልነበረውም። ከ2015 በኋላ ጥቂት አንሠራርቶ ነበር፤ ነገር ግን በ2018 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፈቃድ ከእጁ ወጥቶ ወደ ፊፋ ገባ። በመስከረም 2021 ኮናሚ የቈየውን ስም ጥሎ ኢፉትቦል የሚባል በነጻ የሚሰጥ ጨዋታ አወጣ። ሲወጣ የነበሩት ክለቦች ዘጠኝ ናቸው፤ የታላላቆቹ ተጫዋቾች ፊት ተጣሞ ስለ ታየ ሥዕሉ በዓለም ዙሪያ መሣቂያ ሆነ፤ ስቲም በተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ መደብርም በተጫዋቾች ምዘና ከሁሉ በታች ወደቀ። ድርጅቱ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ማስተር ሊግም አልነበረበት፤ ካስቶሎና ሚናንዳ ቤት አልባ ሆኑ። ሆኖም ለፍትሕ ያህል እንናገር፤ ጨዋታው ከዚያ ወዲህ ብዙ ታርሟል፤ በስልክ ላይ በነጻ የሚገኝ ስለ ሆነም፣ ፕሌይስቴሽን ሊገዛ የማይችል ቤት ልጅ ዛሬ የሚጫወተው እርሱን ነው። ከተማሪዎቻችን መካከል ብዙዎቹ ሌላ አያውቁም።

ፊፋ ብቻውን ከቀረ በኋላ ምን አደረገ? ምንም አላደረገም ማለት ሐሰት ይሆናል። በ2015 የሴቶችን ብሔራዊ ቡድኖች አስገባ፤ በ2016 መሠረቱን ለውጦ አሌክስ ሀንተር የሚባል የፈጠራ ወጣት ታሪክ ይዞ መጣ፤ ያም ታሪክ ሦስት ዓመት ቀጠለ። ዳሩ ግን ሥራ አስኪያጅ ሆነው ቡድን የሚመሩበት ክፍል፣ ብዙ ሰው ብቻውን የሚጫወትበት፣ ዓመት ከዓመት ያው እየሆነ ሄደ፤ በ2019 ተጫዋቾች «የሥራ አስኪያጁን ክፍል ጠግኑ» እያሉ በማኅበራዊ መገናኛ ዘመቻ እስኪከፍቱ ድረስ። ከሁሉም የሚገርመው ኒንቴንዶ ስዊች ለሚባለው መሣሪያ የተደረገው ነው። ከፊፋ 20 እስከ ፊፋ 23፣ አራት ዓመት፣ ለዚህ መሣሪያ የወጣው ያው የፊፋ 19 ጨዋታ ሆኖ የተለወጠው ማልያውና የተጫዋቾቹ ዝርዝር ነበር። ድርጅቱም አዲስ ነገር እንደሌለበት አስቀድሞ አሳውቋል፤ አልዋሸም።

በአገራችን ቡና ሥርዓት አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንላለን። ሦስቱም ከአንድ ጀበና፣ ከአንድ ቡና ናቸው። በረካው ቢቀጥንም ማንም አይቀየምም፤ ስሙ በረካ ነውና፣ የሚጠጣውም ለጨዋታውና ለምርቃቱ ነው። ይህ ግን በረካውን በአቦል ሲኒ፣ በአቦል ዋጋ ማቅረብ ነው። በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ስናይ የሚከነክነን ሌላም ነገር አለ። እዚያ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው፤ ተማሪው ሌሊቱን ሲቈጥር ያድራል እንጂ የቃሉን ልብስ ለውጦ ወደ መምህሩ አይቀርብም። እርግጥ ነው፣ ቅኔ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም፤ ማነጻጸሩ እስከ መጨረሻው አያስኬድም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው። በመጋቢት 2009 በፊፋ 09 ላይ አልቲሜት ቲም የሚባል ክፍል ተጨመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ተጫዋቾች በካርድ መልክ ይቀርባሉ፤ ካርዶቹ በታሸገ ፓክ ውስጥ ናቸው፤ ፓኩን የሚከፍተው ሰው በውስጡ ማን እንዳለ አያውቅም። ፓኩ ብዙ በመጫወት በሚገኝ የጨዋታ ሳንቲም ወይም በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛል። በ2018 በወጣው ፊፋ 19 ላይ የዕጣው ዕድል በቍጥር መገለጽ ሲጀምር፣ ለታላላቆቹ ካርዶች ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ሆኖ ተገኘ። ኤሌክትሮኒክ አርትስ እስከ መጋቢት 2021 ባለው የበጀት ዓመቱ ከልዩ ልዩ የስፖርት ጨዋታዎቹ የአልቲሜት ቲም ክፍሎች 1.62 ቢሊዮን ዶላር አገኘ፤ ይኸውም ከጠቅላላ ገቢው ሩብ በላይ ሲሆን ትልቁ ድርሻ የፊፋ ነው። የቤልጅግ መንግሥት የቍማር ተቈጣጣሪ በ2018 ይህን ፓክ ቍማር ነው ብሎ ስለ ወሰነ፣ ድርጅቱ በጥር 2019 በዚያ አገር ለፓክ የሚሆነውን ነጥብ በገንዘብ መሸጡን አቆመ። የሆላንድ ተቈጣጣሪ ደግሞ 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶት ነበር፤ የአገሩ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ግን በ2022 ቅጣቱን ሻረው። እንግዲህ ዳኞች ራሳቸው በአንድ ቃል አልተስማሙም።

እኛ የምናየው ከሕጉ ይልቅ ጨዋታው ላይ ያደረገውን ነው። ዓመቱ በገፋ ቍጥር ከፊተኞቹ የበረቱ ካርዶች ይወጣሉ፤ በመስከረም የተመሰገነው አጥቂ በሚያዝያ ተቀምጦ የሚያይ ይሆናል። በሚቀጥለው መስከረም ደግሞ አዲሱ ጨዋታ ሲወጣ የተሰበሰበው ቡድን ሁሉ ባሮጌው ውስጥ ይቀራል፤ ወደ አዲሱ አይሻገርም። ቀድሞ ዓመት ሲለወጥ ጨዋታው ይጨምር ነበር፤ አሁን ዓመት ሲለወጥ የልጁ ሥራ ይሰረዛል። ሠሪውም ዋናው ገቢው ከፓኩ ሲሆን፣ ብልህ ሠራተኞቹን ወዴት እንደሚያሰማራ ለመገመት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም።

በሜሪላንድ የሚኖረው የእኅታችን ልጅ አንድ ምሽት በስልክ ቪዲዮ እያነጋገረን ሳለ፣ በጨዋታ ሳንቲም የገዛቸውን ፓኮች ሲከፍት አሳይቶናል። መብራት ይበራል፣ ርችት ይተኰሳል፣ የአገር ባንዲራ ይታያል፣ ከዚያም ካርዱ ይገለጣል። «አጎቴ፣ ይኼ ደግሞ አለኝ» እያለ ወደ ጎን ያደርገዋል። ሩብ ሰዓት ያህል ከፈተ። በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ አንድም ኳስ አልተመታችም። እርሱ ግን ደስ ብሎት ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም።

በግንቦት 2022 ኤሌክትሮኒክ አርትስና የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን በስሙ ኪራይ ሳይስማሙ ተለያዩ። እስከዚያ ድረስ ጨዋታው ከ325 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጦ ነበር። ፊፋ 23 የመጨረሻው ሆነ፤ በመስከረም 29 ቀን 2023፣ በእኛ አቈጣጠር መስቀል በዋለ ማግሥት፣ ያው ጨዋታ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍ ሲ 24 ተብሎ ወጣ። ሠላሳ ዓመት የተከራዩት ስም ሲወልቅ ከሥሩ ያው አካል ታየ፤ ልጆቹም እስከ ዛሬ «ፊፋ» ነው የሚሉት።

ይህ ሁሉ ሐተታ በቤታችን ወደ አንድ ቀላል ጥያቄ ወርዶ ነበር። ወንድ ልጃችን፣ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ አጎቱ ከውጭ የላከለት ያገለገለ አራተኛው ፕሌይስቴሽንና አንድ ፊፋ 19 አለው። ከአውደ ዓመት ስጦታና ለጎረቤት ሕፃናት ሒሳብ በማስጠናት ያገኘውን ገንዘብ አንድ ዓመት ሙሉ በብስኩት ቆርቆሮ ሲያጠራቅም ከርሞ፣ መስከረም ሲጠባ የዓመቱን ጨዋታ ልግዛ አለ። ሰባ ዶላር በዛሬው ምንዛሪ ሲሰላ ለመምህር ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። እናቱ «ገንዘቡ የራሱ ድካም ነው» አለች፤ ትክክል ናት። ስለዚህ አልከለከልነውም፤ ነገር ግን ከመግዛቱ በፊት ወደዚያች አሮጌ ቤት ይዘነው ሄድን።

ቤቲቱ አሁን ግንብ ሆናለች፤ ባለቤቱም ሸብቷል። ልጃችን ሁለት ሰዓት ከፍሎ አዲሱን ተጫወተ፤ ሲጨርስ የተለየውን ሁሉ እንዲዘረዝርልን ጠየቅነው። ግብ ጠባቂው ይሻላል አለ፤ ኳስ ሲያቀብሉ ክብደቷ ይሰማል፤ የሴቶች ክለቦች አሉ፤ ሜዳው ያምራል። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ግን አባዬ፣ ግማሹ በኢንተርኔት ነው፤ እኛ ቤት ደግሞ የለም። እኔ የምጫወተው የሥራ አስኪያጁን ክፍል ነው፤ እርሱ ያው ነው ማለት ይቻላል» አለ። ባለቤቱም ከወዲያ ሆኖ፣ «ልጄ፣ እኔ በየዓመቱ መግዛት ከተውሁ ቆየሁ፤ በየሦስት ዓመቱ ነው የምለውጠው። ማንም ደንበኛ አልቀረብኝም» አለው።

በዚያው ሳምንት ከአሮጌ ሲዲ ነጋዴ ዘንድ ፊፋ 23ን ከአዲሱ ዋጋ ሢሶ በማይሞላ ገንዘብ ገዛ። የተረፈው በብስኩቱ ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ምን ሊያደርግበት እንዳሰበ አልጠየቅነውም። ወደ ቤት ስንመለስ በመንገድ ላይ ስለዚያ ዘገምተኛ አጥቂና በዘጠናኛው ደቂቃ ስላገባት ግብ አጫውተነው ነበር፤ ሲሰማም በአክብሮት ፈገግ ብሎ ዝም አለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በማታ ቴሌቪዥኑ ፊት ስንቆም፣ ልጃችን አዲስ ተጫዋች ፈጥሮ በእንግሊዝ አራተኛው ምድብ በአንድ ትንሽ ክለብ ውስጥ አሰልፎት አየን። ሩጫው ደካማ፣ ምቱም የላላ ነው። በማልያው ጀርባ ላይ ካስቶሎ ተብሎ ተጽፏል፤ እስካሁን ሰባት ግብ አግብቷል።